ስለ ውሻ አጠባበቅ ታሪክና ስለ ባለቤቱ ዕዳ

በአገራችን አነጋገር ውሻ የሚለው ስም ከስድብ ወገን ይቈጠራል። አንድ ሰው ሌላውን ውሻ ብሎ ቢጠራው ጠቡ እስከ ዳኛ ሊደርስ ይችላል። መጠጊያ አጥቶ ከየደጁ የሚባረረውንም ሰው «ቤተ ክርስቲያን እንደ ገባች ውሻ» እንለዋለን። ዳሩ ግን ይህን ስድብ የሚሳደበው ሰው ራሱ ማታ በሩን ዘግቶ እንቅልፍ የሚወስደው ውጭ የሚጮኽለትን ውሻ አምኖ ነው። በጉን ከጅብ፣ ዕቃውን ከሌባ የሚጠብቅለት ይኸው የሚንቀው ፍጥረት ነው።

እኔ ዕድሜዬን በመምህርነት ያሳለፍሁ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ የምኖር ሰው ነኝ። በማስተምርበት ዘመን ስለ ጤና አጠባበቅ ትምህርት ስሰጥ የውሻን ነገር ያነሣሁ እንደ ሆነ ክፍሉ በሳቅ ይሞላ ነበር። «የኔታ፣ ለሰው ያልተረፈ ሐኪም ለውሻ ከየት ይመጣል?» የሚሉኝ ነበሩ። ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። ስለዚህ፣ ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ ውሻን መንከባከብ የሀብታሞች ጨዋታ ነው ወይስ የእያንዳንዱ ቤት ጉዳይ የሚለውን ታሪክ ራሱ እንዲመልስላችሁ ከሩቅ ዘመን ጀምሬ ላወጋችሁ አስቤአለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከመቃብር ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 በጀርመን አገር፣ በቦን ከተማ አጠገብ ኦበርካሰል በሚባል ስፍራ፣ ድንጋይ የሚፈልጡ ሠራተኞች አንድ የጥንት መቃብር አገኙ። በውስጡ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ዐፅም ነበረ፤ ከነርሱም ጋራ የውሻ ዐፅም ተቀብሮ ተገኘ። ሊቃውንት በኋላ ሲመረምሩት ዕድሜው ከ14,000 ዓመት በላይ ሆነ። በዚያ ዘመን ሰው ገና እርሻ አላወቀም፤ በግ፣ ፍየልና ላምም አላላመደም ነበር። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት የዚህን ውሻ ጥርሶች መርምሮ የሚያስደንቅ ነገር ገለጠ። ውሻው ሲሞት ሰባት ወር ገደማ የሆነው ቡችላ ነበረ፤ በጥርሶቹ ላይ የቀረው ጉዳት እንደሚያመለክተውም ከመሞቱ ሳምንታት አስቀድሞ ዲስተምፐር የሚባለው ከባድ የውሾች በሽታ ይዞት ነበር። ይህ በሽታ የያዘው ቡችላ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ከዓይኑና ከአፍንጫው መግል ይወርዳል፣ ውሎ አድሮም ያንቀጠቅጠዋል። ውሃ የሚያቀርብለትና ከብርድ የሚያስጠጋው ካላገኘ ቶሎ ያልቃል። ያ ቡችላ ግን እየተሻለውና እንደ ገና እየታመመ ሳምንታት ቆየ። ከዚህ የተነሣ ጥናቱን ያደረጉት ሰዎች አንድ አሳብ ላይ ደረሱ፤ ይኸውም፣ አንድ ሰው አስታሞታል።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ብዙ አሰብሁ። የታመመ ቡችላ አድኖ አያመጣም፤ ሌባም አያባርርም። ያም ሆኖ ያ አዳኝ ጎተራ የሌለው፣ የነገ ምግቡን የማያውቅ ሰው ሲሆን ከእጁ ቈርሶ አበላው፤ በመጨረሻም በሰው መቃብር አስተኛው። እንግዲህ የውሻ አጠባበቅ ከሀብት በኋላ የመጣ ነው የሚለው አነጋገር ገና በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይወድቃል።

ወደ ጽሕፈት ዘመን ስንመጣ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረው የግሪክ ሊቅ ዜኖፎን ስለ አደን በተጻፈው በስሙ በሚታወቅ መጽሐፍ ውስጥ የቡችላን አስተዳደግ ነገር አንሥቷል። ቡችሎች ለሌላ ውሻ ሳይሰጡ ከገዛ እናታቸው ሥር ይቈዩ ይላል፤ ወተቷና ትንፋሿ፣ መላሷም ጭምር ይጠቅማቸዋልና። እንደዚሁም ቡችላን ያለ ልክ ማጥገብ እግሩን ያጣምማል፣ በሽታም ያመጣል ብሎ ያስጠነቅቃል። ስሙም አጭር ይሁን፣ ለመጥራት ይመቻልና ይላል። ከሁለት ሺሕ ሦስት መቶ ዓመት በኋላ የዛሬ የእንስሳት ሐኪሞች ይህን ምክር ሲያዩት የሚሽሩት ከባድ ስሕተት አያገኙበትም። እነርሱም ቡችላ ስምንት ሳምንት እስኪሞላው ከእናቱ አይለይ ይላሉ፤ በፍጥነት እንዲወፍር የተቀለበ ትልቅ ዘር ቡችላም ዐጥንቱ እንደሚበላሽ ያውቃሉ።

እኛ ዘንድ ግን ምን ይደረጋል? ዐይኑ ከተገለጠ ሁለት ሳምንት ያልሞላውን ቡችላ በከረጢት ከትተን እንወስዳለን፤ ሌሊቱን ሲያለቅስ «ጠባዩ ክፉ ነው» እንለዋለን፤ የላም ወተት እንግተዋለን፤ ሆዱ ሲሄድ ደግሞ ዕድሉ ነው እንላለን። ለቡችላ የላም ወተት ብዙ ጊዜ አይስማማውም። የሚስማማው የለሰለሰና የበሰለ ምግብ ነው፤ ያውም በአንድ ጊዜ ብዙ ሳይሆን፣ እስከ ሦስተኛ ወሩ በቀን አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት፣ ከዚያም ሦስት ጊዜ እያደረጉ መስጠት ነው። ንጹሕ ውሃ ግን ሁልጊዜ በፊቱ ይኑር።

በዚህ ላይ የቤታችንን ልማድ የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። የወጥ ትርፍ ለውሻ መስጠት በየቤቱ የተለመደ ነው፤ እንጀራው ባልከፋ ነበር፤ ነገር ግን ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ደም ቀይ ሕዋሳት ያፈርሳሉ። አንድ ቀን በመቅመሱ ላይሞት ይችላል፤ ዕለት ዕለት ቁሌት የሚበላ ውሻ ግን ደሙ እየመነመነ፣ ድዱ እየነጣ፣ ጕልበቱ እየከዳው ይሄዳል። እኛም ሰንፏል ብለን እንመታዋለን። የተቀቀለ የዶሮ ዐጥንትም እንደ ስንጥር ስለሚሰነጣጠቅ አንጀት ይወጋል።

ከዜኖፎን በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት ወዲህ በ2ኛው መቶ ዓመት፣ አሪያን የሚባል ሌላ ሰው ተነሣ። ይህ ሰው የፍልስፍና ተማሪ፣ በሮማውያን መንግሥትም የጠቅላይ ግዛት ገዥ የነበረ ነው። ጦርና ፍርድ በእጁ ያለ ሹም ሲሆን ሆርሜ ስለምትባል ውሻው ሲጽፍ አላፈረም፤ ቤት ስሆን ከእኔ አትለይም፣ ስወጣም ትከተለኛለች የሚል ቃል ትቶልናል። ለውሻ ለስላሳና ሙቅ መኝታ እንደሚያስፈልገው፣ ሰውነቱንም በሙሉ በእጅ ማሸት ጤና እንደሚሰጠው አስተምሯል።

ሰውነትን ማሸትና ጠጕርን ማበጠር ለመልክ ብቻ የሚደረግ አይምሰላችሁ። ባደግሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ግቢ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ነበሩ፤ ፊደል አልቈጠሩም፤ የአሪያንንም ስም አልሰሙም። ነገር ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ውሻቸውን በጕልበታቸው መካከል አቁመው ጣታቸውን ከጆሮው ሥር እስከ ጅራቱ ያስኬዱ ነበር። መዥገር ሲያገኙ በወረንጦ ከሥሩ ይዘው ቀጥ አድርገው ይነቅሉት ነበር እንጂ በክብሪት አያቃጥሉትም፤ ነጭ ጋዝም አይቀቡትም። ዛሬ የሚሰጠው ትምህርት ይኸው ነው። ነጭ ጋዝ የተቀባ ውሻ ራሱን ሲልስ ይመረዛል፤ የተቃጠለ መዥገርም የያዘውን መርዝ ወደ ደም ይተፋል። ማጠብን በተመለከተ በወር አንድ ጊዜ ያህል ይበቃል፤ የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን የቆዳውን ቅባት ገፎ ያሳክከዋልና አይሆንም። ጆሮው ሲሸት፣ ራሱን ሲነቀንቅ፣ ጥፍሩ ረዝሞ ሲጠመዘዝ የሚታወቀው እንዲህ ሰውነቱን በየጊዜው ለሚዳስሰው ሰው ነው።

በመካከለኛው ዘመን በፈረንሳይ አገር ጋስቶን ፌቡስ የሚባል የፏ መስፍን እ.ኤ.አ. ከ1387 ጀምሮ ስለ አደን አንድ ትልቅ መጽሐፍ ጽፏል። በመጽሐፉ ከተሣሉት ሥዕሎች አንዱ አገልጋዮች የውሾችን አፍ ከፍተው ጥርስ ሲያዩ፣ ጆሮ ሲመረምሩ፣ መዳፍ ሲያክሙ ያሳያል። የውሾቹ ቤት በየቀኑ ይጠረግ፣ ጭዱም ይለወጥ፣ ፀሐይ የሚሞቁበትም ደጅ ይኑራቸው ይላል። ይህን ሥራ የሚማረውም ልጅ ገና በሰባት ዓመቱ እንዲጀምር፣ መጀመሪያም የያንዳንዱን ውሻ ስምና መልክ እንዲያውቅ ያዝዛል። መስፍኑ በሌላ ነገር የሚመሰገን ሰው አልነበረም፤ ይህን ግን አሳምሮ አይቷል።

የሆነ ሆኖ እነዚህ ሁሉ አስተዋዮች አንድ ነገር ጐደላቸው። በዐይን የሚታየውን ሁሉ አወቁ፤ በዐይን የማይታየውን ግን አላወቁም። የኦበርካሰልን ቡችላ ያሠቃየው ዲስተምፐር በየዘመኑ የቡችላ ቤት ባዶ ሲያደርግ መድኀኒቱ ድግምትና መራራ ቅጠል ነበረ። ሔንሪ ካሬ የሚባል ፈረንሳዊ የበሽታው ምክንያት በተራ ማጣሪያ የሚያልፍ ረቂቅ ነገር፣ ማለት ቫይረስ መሆኑን የገለጠው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። በ1920ዎቹ ዓመታት በእንግሊዝ አገር አንድ የአደን መጽሔት ከአንባቢዎቹ ገንዘብ አሰባስቦ ሌይድሎና ደንኪን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን የሚሠራ ክትባት አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ ፓርቮ የሚባል፣ ቡችሎችን ደም እያስቀመጠ የሚፈጅ አዲስ በሽታ በዓለም ተዛመተ፤ ለዚህም ክትባት ተገኘለት። ስለዚህ ዛሬ ቡችላ ያለው ሰው ከስድስተኛው ወይም ከስምንተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ አራት ወር እስኪሞላው እነዚህን ክትባቶች ያስወጋዋል። ተከታዩን መርፌ ያልተቀበለ ቡችላ ግማሽ ጣራ እንዳለው ቤት ነው፤ የእናቱ ወተት የሰጠው መከላከያ የመጀመሪያውን መርፌ ሊያከሽፍበት ይችላልና።

እስካሁን የተናገርሁት ውሻውን ብቻ የሚጎዳውን ነው። አሁን ጌታውን ወደሚነካው ልግባ።

በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያለችው አይስላንድ በ19ኛው መቶ ዓመት በአንድ በሽታ ትሠቃይ ነበር። የሰዎች ጉበትና ሳንባ ውሃ የተሞላ ከረጢት እያወጣ ሆዳቸው ይነፋ፣ ብዙዎችም ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1863 ሀራልድ ክራቤ የሚባል የዴንማርክ ሐኪም ወደዚያ ሄዶ የውሾችን አንጀት ቢመረምር ከአራት ውሾች በአንዱ ያህል ውስጥ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ የኮሶ ትል አገኘ። መንገዱ ይህ ነው። ሰው በግ ሲያርድ ከረጢት ያለበትን ጉበትና ሳንባ ለውሻው ይወረውራል፤ ከረጢቱ በውሻው አንጀት ውስጥ ትል ይሆናል፤ የትሉ እንቍላል ከእዳሪው ጋራ ወጥቶ በሣሩ፣ በውሻው ጠጕርና በልጆች እጅ ላይ ይቀራል፤ በመጨረሻም በሰው አፍ ይገባል። ክራቤ መድኀኒት ሳይሆን ወረቀት አዘጋጀ። ይህን ሁሉ የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ጽፎ በአገሩ ቋንቋ ታተመና ለየቤቱ በነጻ ታደለ። አይስላንዶች ድኾች ቢሆኑም ማንበብ የሚያውቁ ሕዝብ ነበሩና በክረምቱ ረጅም ሌሊት በየቤቱ ተነበበ። ከዚያም ሕግ ወጣ፤ ውሾች የትል መድኀኒት እንዲጠጡ፣ የታመመው ሆድ ዕቃም እንዲቃጠል ወይም እንዲቀበር ታዘዘ። ዛሬ አይስላንድ ከዚህ በሽታ ነጻ ከሆኑት አገሮች አንዷ ናት።

ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቍጥር የእኛ የበዓል ዋዜማ በዐይኔ ይመጣብኛል። ይኸው በሽታ በአገራችን አለ። በግቢያችን እናርዳለን፤ አራጁ ሳንባውን ይዞ «ይህስ ደግ አይደለም» ይላል፤ ከዚያም አጥር ሥር ለሚጠብቀው ውሻ ይጥልለታል። ደግነት ይመስላል። በማግስቱ ልጁ ያንኑ ውሻ ዳብሶ፣ እጁን ሳይታጠብ ዳቦውን ይበላል። የሚያስፈልገው ነገር ጥልቅ ጕድጓድ መቈፈር፣ በሳሙና መታጠብና በዓመት ጥቂት ጊዜ ለውሻው የትል መድኀኒት መስጠት ነው። ቡችላማ ከሁለተኛ ሳምንቱ ጀምሮ ሦስት ወር እስኪሞላው በየሁለት ሳምንቱ ያስፈልገዋል፤ ከእናቱ ትል ይወርሳልና።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ረቂቅ ነገር በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ይኖራል፤ በንክሻ ይገባል፤ ከዚያም በደም ሳይሆን በነርቭ መንገድ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጕዞው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። አንጎል ከደረሰ በኋላ የሚያድን መድኀኒት አልተገኘም ማለት ይቻላል። የሰው ተስፋ ያለው በጕዞው መካከል ነው።

ይህን ተስፋ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀመበት ሉዊ ፓስተር ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 ዮሴፍ ማይስተር የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ በእብድ ውሻ ብዙ ስፍራ ተነክሶ ወደ ፓሪስ ወደ እርሱ መጣ። ፓስተር ሐኪም አልነበረምና መርፌውን የወጋው ሌላ ሐኪም ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ 13 መርፌ ተወጋ፤ ልጁም ዳነ፤ ሲያድግም በፓስተር ስም በተሠራው ተቋም ዘበኛ ሆኖ ኖረ። እኔ ግን ከርሱ ይልቅ ሁለተኛውን በጣም እወደዋለሁ። ዣን ባፕቲስት ዡፒል የ15 ዓመት እረኛ ነበረ። ከርሱ የሚያንሱ ልጆች በእብድ ውሻ ሊነከሱ ሲሉ በመካከል ገብቶ ከውሻው ጋራ ታገለ፤ እጁ እየተነከሰ አፉን በጅራፉ ጠፍሮ አሰረው፤ በእንጨት ጫማውም መትቶ ገደለው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር እርሱም በፓስተር እጅ ተረፈ። ትግሉን የሚያሳይ ሐውልት እስከ ዛሬ በዚያ ግቢ ቆሞ ይታያል።

ዳሩ ግን የተነከሰውን ሰው ብቻ መውጋት ጐርፍን በሲኒ እንደ መቅዳት ነው። ምንጩ ውሻው ነውና። ይህን አስተውለው ከሠሩት አገሮች አንዷ ጃፓን ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተሞቿ ፈርሰው፣ ሕዝቧም ተርቦ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ሕግ አውጥታ ውሾች ሁሉ እንዲመዘገቡና እንዲከተቡ፣ ባለቤት የሌላቸውም እንዲያዙ አዘዘች። በ1957 በሽታው ከአገሩ ጠፋ። ሰባት ዓመት ብቻ! ሜክሲኮም በብዙ ዓመት ዘመቻ ውሾቿን ከትባ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን ይህን በሽታ ማጥፋቷ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋገጠላት። ከመቶ 70 እጅ የሚሆኑት ውሾች ከተከተቡ በሽታው የሚሸጋገርበት እያጣ ይጠፋል።

በእኛ አገር የዚህ በሽታ ታሪክ የቆየ ነው። የታሪክ ሊቅ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ በሽታው ታሪክና ስለ አገር መድኀኒቱ አንድ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1903፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ ላይ በውሾች ላይ ትልቅ ወረርሽኝ እንደ ተነሣ ተመዝግቧል። ከጦርነቱ በኋላም በአዲስ አበባ የፓስተር ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ ክትባት ይሠራና ይሰጥ ነበር፤ የከተማው ሕዝብ ዛሬም ያንን ስፍራ «ፓስተር» ይለዋል። ከበግ አንጎል የሚሠራው የዚያ ዘመን ክትባት በሆድ ላይ ከደርዘን የሚበልጥ መርፌ ስለ ነበረ ብዙ ሰው ፈርቶ ይቀር ነበር፤ እኔም ሳልፈርድበት አላልፍም፣ ግን ፍርሃቱ ይገባኛል።

በ1970ዎቹ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሳስተምር ከተማሪዎቼ አንዱ ቡችላ ያሳድግ ነበር። ቡችላው አንድ ቀን ጸጥ አለ፤ አገጩ ወደ ታች ወረደ፤ ምራቁ ተዝረበረበ። ልጁ ዐጥንት በጕሮሮው የተሰካበት መስሎት እጁን አፉ ውስጥ ከትቶ ፈለገ፤ ጥርሱ ጣቱን ጫር አደረገው። ቡችላው በሦስተኛው ቀን ሞተ። ስለ ቍስሉ ማንም አልሠጋም፤ ኋላ ነገሩ ሲጠረጠር ሥር ተቀጥቅጦ አጠጡት። ሁለት ወር ያህል አልፎ ልጁ ውሃ በጣሳ ሲቀርብለት ጕሮሮው ይታነቅ ጀመር። ይጠማዋል፤ ውሃው ሲመጣ ግን ይሸሻል። በአራተኛው ቀን ቀበርነው። እብድ ውሻ ሁሉ እየሮጠ የሚናከስ አይደለም፤ ዝም ብሎ አፉን ከፍቶ የሚተኛም አለ፤ ይህን ግን ያስተማረው ሰው አልነበረም። በመልካም ልብ እጁን የዘረጋ ልጅ ነበረ።

በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል ተብሎ ይገመታል፤ በሽታው ለሰው የሚደርሰው ከመቶ 99 እጅ በውሻ ነው፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ልጆች ናቸው፤ ልጅ ከውሻ ጋራ ይጫወታል፣ መነከሱንም ቍጣ ፈርቶ ይደብቃልና። ስለዚህ ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች ያላችሁ ወጣቶች፣ የተነከሰ ልጅ እንዲናገር አታስፈራሩት። ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት፤ ቡና ወይም ቅጠል አትነስንሱበት፤ ጭረትም ብትሆን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ውሻውም ቡችላ ሳለ በሦስተኛ ወሩ ገደማ፣ ከዚያም በየጊዜው ይከተብ። እንግዲህ «ለሰው ያልተረፈ ሐኪም ለውሻ ከየት ይመጣል» ላሉኝ ተማሪዎቼ መልሴ ይህ ነው፤ ለውሻው የሚሰጠው አንድ መርፌ ለልጁ ከሚሰጠው ብዙ መርፌ እጅግ ይረክሳል፤ ከመቃብርማ ጋራ አይተያይም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የቤታችን ውሻ በሽታ ከአጥራችን ውጭም ይሄዳል። በባሌ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ ሲሆን፣ በአገሪቱ ሁሉ የቀሩት 500 ያህል ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991ና በ1992፣ ኋላም በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ከእረኞች ውሾች ተሻግሮ በባሌ ብዙዎቹን ፈጀ። በ2010ና በ2015 ደግሞ ዲስተምፐር ገባባቸው፤ ይኸውም ያ በኦበርካሰል መቃብር የተኛውን ቡችላ ያሠቃየው በሽታ ነው። ክትባት የያዙ ሰዎች በተራራው ዙሪያ በየመንደሩ እየዞሩ የገበሬዎችን ውሾች ይወጋሉ። ቀበሮዎቹን ይዞ መውጋት አስቸጋሪ ስለ ሆነም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ ደብቀው በሚመላለሱበት ስፍራ እያኖሩላቸው ራሳቸው እንዲበሉት ያደርጋሉ።